ያልተባለው አሜን

በካርቱም ስኖር ስሜ ዲያቆን ነበር። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቁት ኢቃማዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የሚያድሱት ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ። በሰፈሬ በአርካዊት ግን ትልቁም ትንሹም ዲያቆን ይለኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ። ችግሩ ዲያቆን አለመሆኔ ነው። ይህን ነገር ጽፌው አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ውሸቱን የጀመርኩት ዝም በማለት ነው። ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ ንባቡንም ዜማውንም ተምሬያለሁ፣ ድምፄም ደህና ነበር። ጓደኞቼ ክህነት ሊቀበሉ ወደ ጳጳሱ ሲሄዱ ግን እኔ ከየኔታ ተጣልቼ ወደ መተማ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ነበር። ካርቱም በገባሁ በሳምንቱ አንድ ማኅበር ላይ ዳቦ የሚባርክ ሰው ጠፋ። "አንተ ልጅ፣ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ትችላለህ?" አሉኝ። በዜማ ጀምሬ በዜማ ጨረስኩላቸው። ሁለት ሦስት ሴቶች አለቀሱ። አንዷ "ለካ ዲያቆን ነህ!" አለችኝ። አፌ ዳቦ ሞልቶ ነበርና አልመለስኩላትም። ዳቦውን ከዋጥኩ በኋላም አልመለስኩላትም።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ሰመረ። ቀን ቀን አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር የአንድ ሱዳናዊ ባለጸጋ ግቢ አትክልት አጠጣለሁ። የምኖረው አርካዊት ሐውሽ ውስጥ ነው፤ ሱዳኖች ብዙ ክፍሎች የከበቡትን ግቢ እንዲህ ይሉታል። ሌላው አበሻ በአንድ ክፍል አራትም አምስትም ሆኖ ሲያድር ለእኔ ለብቻዬ ክፍል ተሰጠኝ። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእኔ ይነሳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ የምጠራው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ መከበሩ በጣም ይጥመኝ ነበር።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ እርግማን እወድ ነበር። የኔታ ዘንድ የነበሩት የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የሚያሰፍረው ውግዘት አለ። መጽሐፉን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የሸጠ ሁሉ በሐዋርያት ቃል፣ በሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል የተወገዘ ይሁን የሚል። ሌሎቹ ልጆች ውስጡን ሲያጠኑ እኔ የማጠናው መጨረሻውን ነበር። ምድር አፏን ከፍታ የዋጠቻቸውን ዳታንና አቤሮንን፣ ተወግዞ አንጀቱ የተዘረገፈውን አርዮስን፣ የተከለከለውን ወርቅ በድንኳኑ ሥር ቀብሮ ሕዝቡን ሁሉ ያስመታውን ሰው በቃሌ ይዣቸው ነበር። ከስንት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ጸሐፊ በቃሉ ብቻ እጁን ዘርግቶ የዛሬ ሌባ ሲይዝ ይታየኝ ነበር። ካደግኩም በኋላ ይህ ነገር ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ በሄደ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው፣ ግንቦት ውስጥ፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በሚነሳበት ወቅት።

በሐውሹ መጨረሻ ክፍል እትዬ ዘነበች የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ባላቸውን ተከትለው በእግራቸው ገዳሪፍ የገቡ፣ ባላቸውን እዚያው ቀብረው ካርቱም የቀሩ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ስለኖሩ ንግግራቸው ግማሹ ዓረብኛ ሆኗል። ሲቆጡ በዓረብኛ፣ ሲጸልዩ በአማርኛ፣ ሲስቁ በሁለቱም ነው። በዚያ ሰሞን ትርሲት የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እሳቸው ዘንድ ተጠግታ ነበር። ትርሲት አል-ማንሺያ ውስጥ በሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠርታለች። እናቷ ደባርቅ አጠገብ ባለ መንደር መታመሟን ስትሰማ ሥራዋን ለቀቀች፣ የመውጫ ማህተም አስመታች፣ ለቅዳሜ ንጋት የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀዋዟ ጠፋ። ካርቱም ያለ አበሻ ፓስፖርቱን ጀዋዝ ነው የሚለው፤ ያለ እሱ ደግሞ ድንበር አይታለፍም።

"ወላሂ እዚች ሻንጣ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት!" ትላለች ትርሲት፣ ሻንጣዋን ለስንተኛ ጊዜ እየገለበጠች። "ዲያቆን፣ ቅዳሜ ካልሄድኩ እናቴን አላገኛትም። ወንድሜ ደውሎ 'ተሽሏታል፣ አትምጪ' አለኝ። ተሽሏት ቢሆን ኖሮ አትምጪ ይለኝ ነበር?"

አንሶላው ተራገፈ፣ ምንጣፉ ተገለበጠ፣ የውሃ ማሰሮው ሥር ሳይቀር ታየ። እትዬ ዘነበችም አብረው ጎንበስ ቀና ሲሉ ዋሉ። ሲመሽ የሐውሹ ሽማግሌ አቶ ላቀው፣ የቀድሞ የታሪክ አስተማሪ፣ ሰዉን ሰብስበው ተናገሩ።

"በሀገራችን ዕቃ ሲጠፋ ምን ይደረግ ነበር? አውጫጭኝ! ሰው ሁሉ ባንድ ቦታ ተቀምጦ ይራገማል። የወሰደው ሰው ልቡ አይችልም፣ ያወጣል። ነገ አርብ ነው፣ ሥራ የለም። ዲያቆን ደግሞ አለልን።"

"ግዝት የካህን ነው፣ ዲያቆን አይገዝትም" አልኩ። ይህን ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ሳምንት እስከ ቅዳሜ ድረስ የተናገርኩት እውነት ይህ ብቻ ነው።

"በሰው ሀገር ዲያቆንም ካህን ነው" አሉ አቶ ላቀው። "ቄሱ ጋ ብንሄድ ታገሡ ነው የሚሉን። አውቶቡሱ ግን አይታገሥም።"

ሰው ሳቀ። እኔም ውስጤ ደስ አለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠናሁት ነገር በመጨረሻ ሊፈለግ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እንኳ ቃላቱን እያማረጥኩ ነበር።

አርብ ከቀትር በኋላ ሠላሳ ያህል ሰው ሐውሹ ውስጥ ተሰበሰበ። የገመድ አልጋዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል፣ ሴቶቹ እነሱ ላይ፣ ወንዶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከየመስጊዱ ጸሎት ጨርሰው የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል፣ ሆኖም በጣም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። በደቡብ በኩል ሰማዩ ቡና ዓይነት እየሆነ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ያን ሰዓት ሳስታውሰው ያየሁት ነው ወይስ ያለምኩት ብዬ እስከዛሬ እጠራጠራለሁ።

ቆምኩ። ነጠላዬን አመሳቀልኩ።

"ይህን ጀዋዝ የወሰደ፣ ያስወሰደ፣ አውቆ ዝም ያለ" አልኩ በዜማ፣ "የበላው አያጥግበው!"

"አሜን!"

"የጠጣው አያርካው!"

"አሜን!"

"እንደ ጉም ይትነን፣ እንደ ጨው ይሟሟ!"

"አሜን!"

"እንደ ዳታን፣ እንደ አቤሮን ምድር አፏን ትክፈትበት! በሐዋርያት ቃል፣ በሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል የተወገዘ፣ ከክርስቲያን ወገን የተለየ ይሁን!"

"አሜን! አሜን!"

ራሴን ረሳሁ። ድምፄ ከእኔ ወጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመታ እሰማዋለሁ። እግሬ መሬት የያዘ አይመስለኝም ነበር። እትዬ ዘነበች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በእያንዳንዷ እርግማን ከሁሉም ቀድመው አሜን ይላሉ። አንገታቸውን ደፍተው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ምርቃት እንደሚቀበል ሰው። ምን ዓይነት አማኝ ሴት ናቸው አልኩ በልቤ።

ልጨርስ ስል ትርሲት ብድግ አለች።

"እኔም ልራገም! ጀዋዜን ደብቆ እናቴን እንዳላይ ያደረገኝ ሰው የእናቱን መርዶ በሰው ሀገር ይስማ! ሳያያት ትቀበርበት!"

"አሜን!" አለ ሐውሹ ሁሉ።

እትዬ ዘነበች ግን አላሉም። የተዘረጋው እጃቸው ተሰብስቦ ወደ አፋቸው ሄደና እዚያው ቀረ። ትርሲትን አዩዋት፣ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። ከሠላሳው ሰው ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቆሜ ነበርና።

ወዲያው ሃቡቡ ደረሰ። ሃቡብ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ የቆመ የአቧራ ግድግዳ ከተማውን ከነፎቁ ውጦ ይመጣል። ሰው ተበታተነ፣ በሮች ተዘጉ። ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀኑ መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ጨለማ ሆነ። በራፉ የት እንደሆነ ጠፋኝ። ጥርሴ መካከል አሸዋ አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ልተኛ ልንቃ ሳላውቅ፣ ያችን ወደ አፍ የሄደች እጅ ደጋግሜ አየኋት። ያዝኳት አልኩ። ሌባዋ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ እርግማኔም ሠርቷል። ኩራት ተሰማኝ። አዎ፣ ኩራት። ከኩራቱ ሥር ደግሞ አንድ የማልፈልገው ብርድ ነበር፤ ሴትዮዋን እወዳቸው ነበርና።

ቅዳሜ ንጋት አውቶቡሱ ያለ ትርሲት ሄደ። የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ በቀይ አቧራ የተሸፈነው የሐውሹ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ምናልባት የወሰደው ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ይመልስልኝ ይሆናል ብላ ነው። ሥራ ስሄድ እዚያው ትቻት ሄድኩ። አል-ጣኢፍ ቀኑን ሙሉ ከቅጠሎች ላይ አቧራ ሳጥብ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ትርሲት ከአቶ ላቀው ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳለች፣ የመጥፋት ወረቀት ልታወጣ። የእትዬ ዘነበች የስፌት መኪና ይሰማል። ገባሁ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት ትርሲት ስትራገም ለምን አሜን አላሉም?"

መኪናው ቆመ።

"አየኸኝ?"

"አየሁዎት።"

"በሩን ዝጋው" አሉኝ። ዘጋሁት። መቀሳቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ከተቱ። "እናቷ ሰኞ አርፋለች።"

የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ማክሰኞ ወንድሟ አዱኛ በእኔ ስልክ ደወለ። 'እኔ መጥቼ እስክነግራት አደራ፣ ከካርቱም እንዳትወጣ ያዙልኝ' አለኝ። ነገ ጠዋት ይገባል፣ ኢንሻላህ። አትሂጂ አልኳት፣ እምቢ። አሞኛል አልኳት፣ እምቢ። ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዋን ልትጓዝ! ድንበሩ ላይ ያሉት ሻይ ሻጮች ግማሾቹ የመንደሯ ልጆች ናቸው። አንዷ አይታት 'እግዜር ያጽናሽ' ብትላትስ? አምና እንኳ በትንሽ ድንጋጤ ወድቃ ሐኪም ቤት ያደረሷት አሠሪዎቿ ናቸው። መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?"

"ስለዚህ ጀዋዙን ወሰዱት።"

"አልወሰድኩም!" ተቆጡ። "የራሷ ትራስ ውስጥ ሰፍቼ ከተትኩት። ከሐሙስ ጀምሮ ተንተርሳው ነው የምታድረው።"

"ለአቶ ላቀው እንኳ ለምን አልነገሩም?"

"ለላቀው? ለላቀው የተነገረ መርዶ ነው? ራዲዮ ነው እንጂ!"

ሳላስበው ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ከንፈራቸውን ያየሁት። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አውጫጭኙ ላይ ምን ላድርግ? አሜን ካላልኩ ታውቁብኛላችሁ፣ ልጅቷም ትሰማለች። በራሴ ላይ አሜን አልኩ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ አርጅቻለሁ። የሷን ግን አፌ እምቢ አለኝ። የኔ እናት ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ያ እርግማን እኔ ላይ ምን ያገኛል? ማን ላይ እንደሚያርፍ እያወቅሁ እንዴት አሜን እላለሁ?"

ድምፃቸው ተለወጠ።

"ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። የጠጣው አያርካው ብለሃላ። ብጠጣና ባያረካኝስ ብዬ ፈራሁ። ዲያቆን፣ ውሃ ጥሙስ ይሁን። ከክርስቲያን ወገን የተለየ ይሁን ያልከው ነው የገደለኝ። ባሌን በሰው ሀገር ቀበርኩ፣ ልጅ የለኝ፣ ቤት የለኝ። ስሞት ክርስቲያን ሆኜ፣ ካህን ፈትቶኝ እቀበራለሁ፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። የገዘተ ነው የሚፈታው። ፍታኝ።"

ከመንበርከካቸው በፊት ልይዛቸው አልቻልኩም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል፣ እኔ ፊት ተንበረከኩ።

ቶሎ ብዬ "እግዚአብሔር ይፍታዎት" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

"እንዲህ አይደለም" አሉ ሳይነሱ። "ክህነት የሰጡህን ጳጳስ ስም ጠርተህ፣ በተቀበልኩት ሥልጣን ብለህ ፍታኝ። ባሌን የፈቱት ቄስ እንደዚያ ነው ያደረጉት።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስም መፍጠር ቀላል ነበር። ሁለት ስሞች ምላሴ ላይ ደርሰው ነበር። አንዱን ብጠራ እሳቸው ይነሳሉ፣ ውሃቸውን ይጠጣሉ፣ እኔም ካሰርኩት በላይ በመፍታቴ እከበራለሁ። ጎንበስ ያለውን ራሳቸውን አየሁት። ሻሹ ላይ የክር ብጣሽ ተጣብቋል። ውጭ አንድ ረክሻ፣ የሱዳኑ ባጃጅ፣ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ጊዜው በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ልብ ብዬ ሳየው የቆመም መሰለኝ። እኚህ ሴት ለአንዲት ልጅ ሲሉ ሠላሳ ሰው የጮኸባቸውን እርግማን ሁሉ በእጃቸው ተቀብለዋል። እኔስ ለማን ብዬ ምን ተቀበልኩ?

"እትዬ፣ ይነሱ" አልኩ። "እኔ ዲያቆን አይደለሁም።"

ቀና አሉ።

"እንዴት?"

"ክህነት አልተቀበልኩም። ጳጳስ ፊት ቆሜ አላውቅም። ሰው ዲያቆን ሲለኝ ዝም አልኩ፣ በዚያው ቀረ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልጋውን ተደግፈው ተነሱና ተቀመጡ።

"ውሃ አቀብለኝ" አሉ።

ከማሰሮው በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሁለተኛ ቀዳሁ። ሦስተኛውን ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ፊታቸው ላይ ረጩትና አፋቸውን ጠረጉ።

"አንተ ወስላታ" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። "እንግዲህ ለማንም እንዳትተነፍስ። ከሰሙ ከዚህ ሐውሽ ያባርሩሃል። እኔ ከዳንኩ በቃ፣ ኸላስ።"

ይህን ምሕረት ተቀብዬ ወጣሁ። ቀለለኝ። ሰው ሳላጣ፣ ክፍሌን ሳላጣ ዳንኩ። አውቆ ዝም ያለ ብዬ የረገምኩት ራሴን መሆኑ እንኳ ያን ሰዓት አልታየኝም።

እሑድ ገና ሳይነጋ አዱኛ ከአውቶቡስ ወርዶ መጣ። ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ ነው፣ ከትርሲት ትንሽ ይበልጣል። እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ ብቻ አቶ ላቀውን ቀሰቀሷቸው፣ እሳቸውም እኔንና ሌሎቹን። መርዶ ሰው ተሰብስቦ ነውና ስምንት ዘጠኝ ሆነን ገባን። ትርሲት ወንድሟን በራፍ ላይ ስታየው ማንም አፍ ሳይከፍት ገባት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። የሰማ ያውቀዋል።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ እትዬ ዘነበች ትራሱን ይዘው መጡ፣ ሁሉም ሰው ፊት በመቀስ ቀደዱት። ከጥጡ ውስጥ ጀዋዙ ወጣ። "የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሆኖ ነው" ብለው ነገሩን ሁሉ ተናገሩ። ሰው ደነገጠ። አቶ ላቀው ራሳቸውን ያዙ። ሁላችንም ትርሲት ትነሳባቸዋለች ብለን ነበር። እሷ ግን ጀዋዙን አልነካችውም። ትራሱን ዝም ብላ አየችው።

"እንግዲያው የተራገምኩት በራሴ ላይ ነው" አለች። "የእናቱን መርዶ በሰው ሀገር ይስማ አልኩ። እኔው ሰማሁ። ሳያያት ትቀበርበት አልኩ። በአፌ ጠራሁት፣ ዲያቆኑ በገዘተበት፣ ሰው አሜን ባለበት! እናቴን እኔ ነኝ የገደልኳት!"

"ትርሲት፣ ሰኞ ነው የሞተችው" አለ አዱኛ። "አንቺ የተራገምሽው አርብ ነው።"

"እግዚአብሔር ሰኞና አርብ አለው?" ብላ ፊቷን ትቧጭረው ጀመር። እጇን ሦስት ሰው ያዘ። ለእናቷ ማልቀስ አልቻለችም። ራሷን ነው ስትከስ የነበረችው፣ ደጋግማ፣ በዚያው ቃል፣ ዓይኗ የትም ሳያይ።

እትዬ ዘነበች አሻግረው አዩኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝም በል ያሉኝ እሳቸው ናቸውና ተናገር ማለት አልፈለጉም።

ከሰዉ መካከል ወጥቼ ፊቷ ተቀመጥኩ።

"ትርሲት፣ ስሚኝ። እኔ ዲያቆን አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። አርብ ዕለት ግዝት የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ አትክልት አጠጪ ቆሞ ጮኸ፣ ሰው አሜን አለ፣ ይኸው ነው።"

"ምን አልክ?" አሉ አቶ ላቀው ከኋላዬ።

"አይደለሁም አልኩ፣ አቶ ላቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻችኋለሁ።"

ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ፣ በደንብ።

"ታዲያ ያ ሁሉ አሜን?"

"የትም አልደረሰም። እናትሽን በሽታ ነው የወሰዳት። አንቺ ደግሞ የእናቷ ነገር ያስጨነቃት ልጅ ነሽ፣ ሌላ ምንም አይደለሽም።"

"አልገደልኳትም?"

"አልገደልሻትም።"

እጇ ላላ። ለጥቂት ጊዜ አፏን ከፍታ ቀረች፣ ከዚያ "እማ" አለች፣ በትንሽ ልጅ ድምፅ። እትዬ ዘነበች ደረታቸው ላይ አስጠጓት፣ አዱኛም መጥቶ ሁለቱን አቀፋቸው። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው እንደ ለቅሶ የሆነው።

የእኔ ነገር እንደተጠበቀው ነው። አቶ ላቀው በሳምንቱ ክፍሉን እንድለቅ ነገሩኝ። "ይቅር ልልህ እችላለሁ፣ ላምንህ ግን አልችልም" አሉ። አልተከራከርኳቸውም። ሌላ ሐውሽ ከአራት ልጆች ጋር ገባሁ። አንዳንዱ ሰላምታዬን አይመልስም ነበር። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ ሦስት ዓመት የባረክኩት ዳቦ ይቆጠርላት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቄስ ጠይቂ አልኳት። ትርሲት ማክሰኞ ዕለት ከወንድሟ ጋር ሄደች።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ሰው መሃል ተቀምጣችሁ አሜን ብላችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ ሳታውቁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲራገም ስሰማ የተራጋሚውን አፍ አላይም። ዝም ያለ ሰው ካለ ብዬ ዙሪያውን አያለሁ። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ብራናቸውን ለመጠበቅ ቢራገሙ አልፈርድባቸውም፣ ሌላ ዘበኛ አልነበራቸውም። እኔ ግን የምጠብቀው ብራና አልነበረኝም። ድምፄን ነበር የወደድኩት። በእኔ ድምፅ አንዲት ሴት ውሃ ፈራች፣ አንዲት ልጅ እናቷን የገደለች መሰላት። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

አዲሱ ሐውሽ በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ እትዬ ዘነበች ክፍሌ ድረስ መጡ። ነጭ ለብሰዋል።

"ያላ፣ ተነስ። ቤተ ክርስቲያን ትወስደኛለህ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ልፈታ።"

"እትዬ፣ አልታሰሩም እኮ! ነገርኩዎት።"

"ነግረኸኛል፣ አውቃለሁ። ሥልጣን የለህም። ግን ሠላሳ ሰው ሲጮኽብኝ ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ጎረቤቶቼ ናቸው፣ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ምን ላድርገው?"

በረክሻ ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበታተን ቄሱን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘናቸው፣ ሸበቶና ዝምተኛ አባት ናቸው። እትዬ ዘነበች ተንበረከኩ።

"ፍቱኝ፣ አባ።"

"ማን ገዘተሽ፣ ልጄ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ከምን ልፍታሽ?"

እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡ። "ከሰው አፍ" አሉ።

ቄሱ አልሳቁም፣ ሌላም አልጠየቁም። መስቀላቸውን በሴትዮዋ ራስ ላይ አስቀምጠው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፣ ቀስ ብለው፣ ያለ ዜማ። ሲጨርሱ እትዬ ዘነበች መስቀሉን ተሳልመው ተነሱ። ቄሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"አንተስ፣ ልጄ?"

"አፉ እኔ ነኝ፣ አባ" አልኳቸውና ተንበረከክሁ።